«ፍታው» ያለውና «ግፋው» የሰማው

መስከረም 20 ቀን 1973 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴም ለመምህሬም ለመሪጌታ ወልደ ሩፋኤል፣ ላሊበላ።

የኔታ፣ ክረምቱ እንዴት አለፈልዎ? ወገብዎን የያዘዎ ብርድስ ለቀቅ አደረገዎ? የአሸተን ማርያም እርስዎንም አክስቴን ብርቅዬንም ካላችሁበት ትጠብቅልኝ። እኔ የቆላው ሙቀት ካላቀለጠኝ በቀር ደህና ነኝ።

የምሥራች አለኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ የኖራ ከረጢት ስሸከም ከርሜ አሁን ባቡር ላይ መድበውኛል። ነጂ ሆነ ብለው ለሰው እንዳያወሩብኝ፤ ነጂው ደባሱ የሚባል ሽማግሌ ነው። የፋብሪካችንን ስም ብጽፍልዎ አያውቁትም፤ ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ በሐዲዱ ዳር ያለ ኖራ የሚፈጭ ነው። ትልቁ ባቡር ባዶ ፉርጎ ያመጣልናል። ፉርጎ ማለት ዕቃ የሚጫንበት የብረት ጋሪ ነው። የኛው ትንሽ ባቡር ባዶውን ወደ መጫኛው እየገፋ ያስገባል፣ የሞላውን እየሳበ ያወጣል። አንዱ ፉርጎ ካንዱ የሚያያዘው በመንጠቆና በሰንሰለት ነው። ያን መንጠቆ የሚያያይዘውና የሚፈታው ሰው ሁለቱ ፉርጎዎች መሀል ይገባል። ያ ሰው እኔ ነኝ።

ብቻዬን አይደለሁም። ሥራውን ያስተማረኝ ከፋለ የሚባል ያገራችን ልጅ፣ የኮን ሰው ነው፤ የወይዘሮ ይማርሽ ልጅ። ሐዲዱን አትርገጥ፣ መጋጫው ብረት ላይ እጅህን አታሳርፍ፣ ጎንበስ ብለህ ግባ ጎንበስ ብለህ ውጣ እያለ ያሠለጥነኛል። ፎርማናችን አለሜ የምርት ዘመቻ ነው እያለ ፉርጎው እየሄደ ሳለ ግቡ ይለናል። ከፋለ ግን ካልቆመ አይገባም። ሲቆጡት እናቴ የወለደችኝ አንድ ጊዜ ነው ይላቸዋል።

እዚህ ማያያዙን «ገጠማ»፣ መፍታቱን «ፍታት» ይሉታል። እኔና ከፋለ በቀን እስከ ሠላሳ ፍታት እንፈታለን። ከዚህ የሚያሻዎ ነገር ካለ ይጻፉልኝ፤ በድሬዳዋ የማይገኝ የለም።

ልጅዎ ምናለ

ጥቅምት 25 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለምናለ፣ እግዚአብሔር በወጣህበት ይመልስህ።

ደብዳቤህ በጥቅምት ሚካኤል ማግስት ደረሰኝ፤ ለማንበብ ግን ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ዐይኔ ከድቶኛል። ዳዊቱን በቃሌ ስለምለው እስካሁን ሰው አላወቀብኝም። ያንተን ደብዳቤ ግን በቃሌ አላውቀውም፤ ተጋለጥኩ። የሚያሻዎ ነገር ካልከኝ መነጽር ላክልኝ።

በቀን ሠላሳ ፍታት እንፈታለን የምትለውን ጮክ ብዬ ባነብ አክስትህ ብርቅዬ ደረቷን መታች። ምን ወረርሽኝ ገባባቸው ብላ አለቀሰች። ፍታት እኛ ዘንድ ለሞተ ሰው መሆኑን የረሳህ አንተ ነህ። የብረት ነው እንጂ የሰው አይደለም ብዬ እስካስረዳት ወጡ አረረ።

እኔ ደህና ነኝ። መሠረተ ትምህርት አስተምር ብለው መድበውኛል። ጓድ መሪጌታ ይሉኛል። ጓዱ የቱ ጋ ነው መሪጌታው የቱ ጋ ነው ብዬ ብጠይቅ ሳቁ። ሠላሳ ዓመት ፊደል ሳስቆጥር የኖርኩትን ሰውዬ ፊደል እንዴት እንደሚቆጠር ሦስት ቀን አሠለጠኑኝ። ተቀመጥኩ፣ ሰማሁ፣ በመጨረሻ አሠልጣኙን አርሜው ወጣሁ።

ሁለት ፉርጎ መሀል መግባት የምትለው ግን አልጣመኝም። በሬ እንኳ ስትጠምድ ዞር ብሎ ያይሃል። የይማርሽን ልጅ ስማው፤ ካልቆመ አትግባ። ፎርማንህ ቢቆጣ ይቆጣ፣ ቁጣ አጥንት አይሰብርም።

ደብዳቤያችንን በመንገድ የሚከፍት ሰው እንዳለ ሰምቻለሁ፤ ፖስታህ በሁለት ዓይነት ሙጫ ተለጥፎ ነው የመጣው። ለሱም ሰላምታዬን አቅርብልኝ።

አጎትህ ወልደ ሩፋኤል

ታኅሣሥ 4 ቀን 1973 ዓ.ም.

ይድረስ ለየኔታ።

መነጽሩን ወደ ወልድያ በሚሄድ ነጋዴ እጅ ልኬልዎታለሁ። ልክ ባይሆን ሌላ እልካለሁ።

ከፋለ ኅዳር 19 ቀን፣ ዓርብ ዕለት፣ በሥራ ላይ ዐረፈ። እዚሁ ቀበርነው። ፋብሪካው ለእናቱ በወረቀት እናሳውቃለን ብሏል። ወረቀቱ ሳይቀድም እርስዎ ኮን ይድረሱላት። ከሰው አፍ ትስማው። እባክዎን።

ስለ አሟሟቱ ዛሬ አልጽፍም። ጽሕፈቴ ከተበላሸብዎ ይቅርታ፤ ብዕሩ ነው።

ምናለ

ጥር 23 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለምናለ።

መነጽሩ ደርሶኛል፣ ልክ ነው፣ እግዜር ይስጥህ። መጀመሪያ ያየሁበት ነገር የራስህ ደብዳቤ ነው። ብዕሩ ነው ትለኛለህ። ቁም ጽሕፈት ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። ያንተ «ለ» ሁለት እግሯን አስተካክላ ነበር የምትቆመው፤ አሁን ወደ ግራ ተኝታለች። ይህ ያንተ እጅ አይደለም፤ ያንተ ከሆነም ቀኝህ አይደለም። ምን ሆነሃል?

ኮን ሄጃለሁ። ያ ወገብ ይዞኝ ሁለት ቀን በእግሬ። ወረቀቱ ግን ቀድሞኛል። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ልጅሽ በአደጋ ሞቷል ብሎ አንብቦላት ወረቀቱን ለማስታወሻ ብሎ ሰጥቷት ሄዷል። ያላነበበላት ነገር ነበረበት። አላወቀም እንጂ ይማርሽ መሠረተ ትምህርት ከገባች ሦስት ወሯ ነው።

እኔ ስደርስ ቤቱ ለቀስተኛ ሞልቷል፤ እሷ ግን አታለቅስም። ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በጣቷ እየነካች ነው። ጎረቤቶቿ አበደች እያሉ ይንሾካሾካሉ። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጣቷ «ጠ» ላይ ነበረች። ይህቺን አውቃታለሁ አለችኝ። ቀጥላ «ጥ»፣ ቀጥላ «ቶ»። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«መሪጌታ፣ ልጄን ጠጥቶ ሞተ ብለውታል። በዕድሜዬ ሙሉ ቃል ሳነብ የመጀመሪያዬ ነው።»

ወረቀቱን ተቀብዬ ባዲሱ መነጽሬ አየሁት። ጠጥቶ፣ ሳይፈቀድለት፣ በራሱ ጥፋት ይላል። ልጄ ጠላ እንኳ አይደፍርም ነበር፣ ይህን ቃል ካላስፋቁልኝ ተዝካሩን አላወጣም ብላ ማለች። ለቀስተኛው ሁሉ ሰማ።

እንግዲህ በሰው ፊት የማለችውን እናት ቃል ይዤ ነው የምጽፍልህ። እውነቱን ንገረኝ። እጅህንም ንገረኝ።

ወልደ ሩፋኤል

የካቲት 18 ቀን 1973 ዓ.ም.

ይድረስ ለየኔታ፣ እግርዎን ይባርከው።

መነጽሩን የላክሁት ለዳዊትዎ ነበር፤ የኔን ጉድ እንዲያዩበት አልነበረም። አዎ፣ የምጽፈው በግራዬ ነው። የቀኝ እጄ ሁለት ጣቶች ከፋለን በቀበቶው ይዤ ልስበው ስል ቀሩ። የቀረው ድኗል። ለአክስቴ ቀስ ብለው ይንገሯት።

አሁን ሁሉንም እነግርዎታለሁ። ያን ቀን ዐሥራ አንድ የሞሉ ፉርጎዎች ቆመዋል። ከፋለ ሦስተኛውና አራተኛው መሀል ሊፈታ ገባ። ባቡሩም ቆሟል። መንኮራኩሩ ሥር ግን የሚያግደው ታኮ አልነበረም፤ ታኮ ስታስገቡና ስታወጡ ጊዜ ይባክናል ብሎ አለሜ ከልክሎናል። ነጂው ደባሱ ከፊት ነው፤ እኛን አያየንም፣ ከፎርማኑ ድምፅ በቀር የሚያዝዘው የለም። ድንጋይ መፍጫው ይጮኻል። አለሜ ከፋለን ቶሎ በል ለማለት «ፍታው!» አለ። ደባሱ «ግፋው» ሲል ሰማ። ገፋው።

የኔታ፣ ሁለቱን ቃላት ጮክ ብለው ይበሏቸው። አክስቴን ደጅ አቁመው ወፍጮ እያስፈጩ ይበሏቸው። ማን ይለያቸዋል?

ከፋለ እንኳን መጠጥ ውኃም አልቀመሰም ነበር። ዓርብ ነው፣ ያውም የነቢያት ጾም። ይህን አለሜ ያውቃል፤ ምሳ ሰዓት ላይ ጾመኛው እያለ ሲያሾፍበት የሚውል እሱ ነው። ጠጥቶ ብለው የጻፉት ወደው አይደለም። ጠጥቶ ከሆነ ጥፋቱ የሱ ነው፣ ፋይሉ ይዘጋል። ካልጠጣ ግን ታኮውን የከለከለው ማነው ይባላል።

ፋይሉ ያለ ምስክር አይዘጋም፤ ካጠገቡ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ። ወረቀቱን እንድፈርም ሦስት ጊዜ አምጥተውልኛል። ከፈረምኩ ረዳት ፎርማን እሆናለሁ። ካልፈረምኩ የሚሆነውን የፋብሪካችን ካድሬ ቀስ ብሎ ነግሮኛል። የቀኝ እጄ ጣቶች ተቆርጠዋል በምን ልፈርም አልኳቸው። በግራህ ፈርም አሉኝ። ግራዬ ገና ፊደል እየተማረች ነው፣ ከአሁኑ ውሸት አላስለምዳትም አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ሰው በሰላም ሲያገኘኝ እንኳ ግራና ቀኙን አይቶ ነው የሚያናግረኝ።

ሥራው ግን አልቆመም። በከፋለ ቦታ ሌላ ሰው ገብቷል፤ ያው ጩኸት፣ ያው ቃል። እርስዎ የቃል ሰው ነዎት። ከሌላ ጋር የማይምታታ ቃል ካለ ይላኩልኝ።

ምናለ

መጋቢት 21 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለልጄ ለምናለ፣ ለጨካኙ፣ እጁን ለደበቀኝ።

ብርቅዬ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። አሁን ተነሥታለች። በግራው መጉረስ ይችላል ወይ ብለህ ጠይቅልኝ ትላለች።

መጀመሪያ የጻፍኩልህን ልንገርህ። «ፈርምና ኑር፣ የሞተው አይመለስም» ብዬ ጽፌልህ ነበር። ወንድሜን ቀብሬያለሁ፤ የወንድሜን ልጅ ልቀብር አልፈልግም። ፈራሁ። ይማርሽ ለሱባኤ መጥታ እኛ ቤት ናት። ቀለሙ እስኪደርቅ መደቡ ላይ የተውኩትን ወረቀት አነሣችና መቁጠር ጀመረች። «ፈ… ር…» ስትል ነጥቄ ቀደድኩት። እንዲህ ያለ ኀፍረት በዕድሜዬ አላፈርኩም። እንግዲህ አትፈርምም። ጨርሻለሁ።

ቃሉንም በተመለከተ። ሁለቱን ቃላት ብርቅዬን ደጅ አቁሜ ሞከርኳቸው። አራት ጊዜ «ፍታው» ብል ሦስቱን «ግፋው» ብላ መለሰች፤ አንዱን «ምሳው» ብላለች። ነገር ግን ችግሩ ቃል አይደለም። የትኛውም ቃል መልስ ሳይጠብቅ ከሄደ ሰው ይገድላል። ተሰጥዎን ረሳኸው? ካህኑ ይላል፣ ሕዝቡ ይመልሳል። መልሱ ሳይመጣ ካህኑ ወደሚቀጥለው አያልፍም። አንተ ዲያቆን ሳለህ ካህኑ ሳይጨርስ መልሱን ቀድመህ ብለህ በመቋሚያ ያቀመስኩህ ትዝ ይልህ እንደሆነ ለዛሬ ነበር።

እንዲህ አድርጉ። ፎርማን አይጩህ። መሀል የሚገባው ሰው ራሱ «ገባሁ» ይበል። ነጂው «ገባህ» ብሎ ይመልስ። ገቢው መልስ ካልሰማ እግሩን አያንሣ። ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ «ወጣሁ» ይበል፤ «ወጣህ» ይባል። ገባሁ ካለው ሰው አፍ ወጣሁ እስኪሰማ ድረስ ፎርማን ቢጮህ፣ ሚኒስትር ቢጮህ ባቡሩ አይነቃነቅ። ሁለቱ ቃላት እንዳይምታቱ «ገባሁ»ን ዝቅ አድርጋችሁ አሳጥሩት፤ «ወጣሁ»ን ከፍ አድርጋችሁ ጎትቱት። ታኮውንም አስገቡ። እሱ ዜማ አይፈልግም።

ፖስታ ከፋቹ ወንድሜ፣ አንተም ጥሩ ዘዴ ነውና ጻፈው።

ወልደ ሩፋኤል

ግንቦት 7 ቀን 1973 ዓ.ም.

ይድረስ ለየኔታ።

በግራዬ መጉረስ እችላለሁ፤ ለአክስቴ ይንገሩልኝ። ብዙ የምጽፈው አለኝና ጊዜ ሳላጠፋ ልጀምር።

የላኩልኝን መጀመሪያ ለደባሱ ነገርኩት። ደባሱ ከከፋለ ቀብር ወዲህ ከሰው አይነጋገርም ነበር፤ እኔንም ሲያየኝ ፊቱን ያዞራል። ሰምቶኝ ሲያበቃ ባርኔጣውን አወለቀና ዕንባው መጣ። በማግስቱ ጀመርን። አዲሱ ሰው ዝቅ አድርጎ «ገባሁ» ሲል ደባሱ «ገባህ» ይላል። መፍጫው እየጮኸ ይሰማል የኔታ። ጎትተን «ወጣሁ» ስንል መጫኛው ላይ ያሉት ሳይቀሩ «ወጣህ» ማለት ጀመሩ። በሦስተኛው ቀን ደባሱ በገዛ እጁ ታኮ ይዞ መጣ። አለሜ ቢጮህ ደባሱ ሞተሩን እያጠፋ ይጠብቀዋል።

ካድሬው ጠራኝ። ፋብሪካውን ቅዳሴ ቤት አደረግኸው፣ ሠራተኛውን በአድሃሪ ሥርዓት እያደራጀህ ነው አለኝ። በፋይሌ ላይ ይህም ተጨመረ። ሳቄ መጣ። ጓድ፣ እናንተም በስብሰባ መፈክር ስታሰሙ እኛ እንመልስ የለም ወይ፣ እሱስ የማን ሥርዓት ነው አልኩት። ይህን ባልል ይሻለኝ ነበር። ግን ወጣ።

የከፋለ ፋይል ያለ ፊርማዬ አልዘጋ ስላለ ከላይ መርማሪ ተላከና ግንቦት 3 ቀን ሠራተኛው ሁሉ ተሰበሰበ። አለሜ ከፋለ ጠጥቶ ነበር አለ። እኔ ተነሥቼ መርማሪውን አንድ ነገር ለመንኩት። ወደ ባቡሩ ሄዶ ነጂው ቦታ ላይ እንዲቀመጥ፣ መፍጫው እንዲነሣ፣ አለሜ ያን ቀን በቆመበት ቆሞ ያን ቀን ያለውን ቃል ሦስት ጊዜ እንዲጮህ። እሱም የሰማውን እንዲጽፍ። መርማሪው ደረቅ ሰው ነው፤ ተነሥቶ ሄደ። አለሜ እንቢ ሊል አልቻለም፤ ሰው ሁሉ ያየዋል። ሦስት ጊዜ ጮኸ።

መርማሪው ተመልሶ ወረቀቱን አነበበ። «ግፋው። ግፋው። ሦስተኛው አልተሰማኝም።»

ያን ጊዜ ደባሱ ተነሣ። ስለዚያ ቀን ስድስት ወር ያልተናገረ ሰው ነው።

«እኔም የሰማሁት እሱን ነው። የገፋሁት እኔ ነኝ። ከፋለ ግን ጾመኛ ነበር፤ ውኃ እንኳ በአፉ አልዞረም። ጠጥቶ የሚል እኔ ፊት ይበል።»

ማንም አላለም። መርማሪው «ጠጥቶ» የሚለውን ዐይናችን እያየ በእስክሪብቶ ሰረዘው። ይህን ለወይዘሮ ይማርሽ ይንገሩልኝ፤ በወረቀት እስኪመጣላት ድረስ ከእርስዎ አፍ ትስማ።

እኔ ነገ ቢሮ ቅረብ ተብያለሁ፤ ለጥቂት ጥያቄ ነው ይላሉ። ጥቂት ጥያቄ ምን እንደሆነ እርስዎም ያውቃሉ። በፋብሪካው በር ላይ ሻይ የምትሸጠው ዘሀራ አድራሻዎን ይዛለች። አልፈረምኩም። አልፈርምምም።

ምናለ

ቀን የሌለበት። ከሲጋራ ፓኮ በተቀደደ ካርቶን ላይ፣ በእርሳስ።

ገባሁ።

ሰኔ 29 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለልጄ ለምናለ፣ ያለህበትን ለሚያውቅ አምላክ አደራ ሰጥቼሃለሁ።

ካርቶኗ ደርሳኛለች። ዘሀራ እስር ቤት ስንቅ ስታመላልስልህ በምግብ ዕቃ ክዳን ሥር አውጥታ፣ ፖስታ ገዝታ፣ አድራሻውን በሰው አስጽፋ ላከችልኝ። የማላውቃት እስላም ሴት ናት። ዛሬ በማኅሌት ቆሜ በስሟ ጸለይኩላት፤ የሰማ ደብተራ ሁሉ ዞር ብሎ አየኝ። ይየኝ።

አንተ ባስተማርከኝ ሥርዓት፣ ወይም እኔ ባስተማርኩህ፣ ልመልስ። ሰምቼሃለሁ። ገባህ።

እንግዲህ ወጣሁ እስክትል ከዚህ አልነቃነቅም። ቀበሌው ሁለት ጊዜ ጠራኝ። የወንድምህ ልጅ ፀረ አብዮተኛ ሆኗል፣ አስተማሪነቱን ትለቃለህ አሉኝ። ልቀቅ ካላችሁኝ ተማሪዎቹን እናንተ አስቆጥሩ፣ «ጸ» እና «ፀ» የሚለየውን አስረዷቸው አልኳቸው። እስካሁን አልመለሱልኝም። እኔ ግን ማስተማሬን ቀጥያለሁ፤ ይማርሽ ሁለተኛውን መጽሐፍ ጀምራለች።

ወልደ ሩፋኤል

ነሐሴ 17 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለምናለ።

ክረምቱ መንገዱን ዘጋው። ይህ ደብዳቤ ይደርስሃል ብዬ አይደለም።

ፖስታ ከፋቹ፣ ዛሬ የምጽፈው ላንተ ነው። ዐሥር ወር ሙሉ ነገራችንን ስታነብ ኖረሃል። ልጁ ምን እንዳደረገ ከኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። ሰው ሳይጨፈለቅ ፉርጎ እንዲፈታ አደረገ። ሌላ ካገኘህ ንገረኝ፤ ካላገኘህ ያነበብከውን ለሚያዝዝህ ሰው ሂድና ንገረው። እኔ ሰባ ዓመቴ ነው፣ ስሜ ወልደ ሩፋኤል ነው፣ ቤቴን ማንም ያሳይሃል። ሌላ የምፈራው ነገር የለኝም።

ምናለ፣ መልስህን እየጠበቅሁ ነው። ብርቅዬ ጠዋት ጠዋት ደጅ ወጥታ ወደ ምሥራቅ ትቆማለች።

ወልደ ሩፋኤል

መስከረም 14 ቀን 1974 ዓ.ም. ቴሌግራም፤ ወልድያ ደርሶ በሰው እጅ ላሊበላ የገባ።

ወጣሁ። ምናለ።

ጥቅምት 5 ቀን 1974 ዓ.ም.

ይድረስ ለየኔታ፣ ለአክስቴም፣ በሕይወት ላገናኘን ምስጋና ይሁን።

ቴሌግራሙ እንደደረስዎ ተስፋ አለኝ። ሌላ ቃል ብጨምር ያስጠይቀኛል ብዬ አይደለም፤ የሚበቃው እሱ መስሎኝ ነው። አራት ወር ከአንድ ሳምንት ነበርኩ። ስለዚያ አልጽፍም። ሰውነቴ ደህና ነው፣ ጥርሴ ትንሽ ጎድሏል። ለምን እንደፈቱኝ አልነገሩኝም። አንድ ሰው ብቻ፣ ስሙን የማላውቀው፣ በሩ ላይ የደብዳቤዎችዎን ጥቅል ሰጠኝ፤ ሁሉም ተከፍተዋል። አጎትህ ብርቱ ሰው ናቸው ብሎኝ ገባ።

ከፉርጎ አንሥተው ወደ ከረጢቱ መልሰውኛል። አሁን አልሸከምም፣ በግራዬ አፉን እሰፋለሁ። ካድሬው ደግሞ ሌላ ሰው ነው። መጫኛው ግድግዳ ላይ የሥራ ደህንነት መመሪያ ብለው ሰሌዳ ሰቅለዋል። አንድ፣ ታኮ ይግባ። ሁለት፣ ገቢው ሰው ድምፅ ያሰማ፣ ነጂው ሳይመልስ አይግባ። ሦስት፣ ወጣሁ ሳይል ባቡር አይንቀሳቀስ። የማን እንደሆነ አልጻፉም፣ የኔታ። ካድሬው ለእንግዳ ሲያስጎበኝ ይህ የሠራተኛው የፈጠራ ውጤት ነው ይላል። ዋሸህ ልለው አልችልም።

አለሜ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል። ደባሱ አለ። ቀኑን ሙሉ ከረጢት እየሰፋሁ እሰማቸዋለሁ። ገባሁ፣ ገባህ። ወጣሁ፣ ወጣህ። ትናንት አርባ ቆጠርኩ።

አዲሱ ወረቀት ኮን ደርሷል ወይ?

ምናለ

ኅዳር 21 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለምናለ፣ ሳልሞት ድምፅህን ላሰማኝ ጌታ ክብር ይግባውና።

ወረቀቱ ደርሷል። ከትናንት በስቲያ የከፋለን ሙት ዓመትና ያደረውን ተዝካር አንድ ላይ አወጣች። ኮን ሄጄ ነበር፤ በዚህኛው ጉዞ በቅሎ ተሰጥቶኝ ከብርቅዬ ጋር እየተለዋወጥን።

ፍታቱ እንዳለቀ ሊቀ መንበሩ ወረቀቱን ላንብብ ብሎ ተነሣ። ይማርሽ እጇን ዘረጋች። አንተ ትዘላለህ፣ አምጣው አለችው። በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ሰው ሁሉ እንደቆመ፣ በጣቷ እየነካች አነበበችው። ረጅም ጊዜ ወሰደባት፤ አንድም ሰው አልተቀመጠም። «በ…ሥ…ራ ላ…ይ እ…ን…ዳ…ለ» ላይ ስትደርስ ደገመችው። ከዚያ አጥፋ ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ዓመት ሙሉ ያላለቀሰችውን ያን ጊዜ አለቀሰች።

ሰው እህል ሊቀምስ ሲገባ እኔን ወደ ዳር ሳበችኝ። እዚያ ሲገቡ ምን ይላሉ፣ ሲወጡስ ምን ይባላሉ አለችኝ። ነገርኳት። ለልጄ ማንም ወጣህ ያለው የለም አለች። የለም አልኳት። መቃብሩ እንኳ እዚያ ቆላ ነው፣ አፈሩን አላየችውም። ፊቷን ወደ ምሥራቅ አዞረችና ልክ እኔ እንደነገርኳት፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጎተተችው።

«ከፋለ፣ ወጣህ።»

ካህናቱ ምን ሆነች ብለው አዩኝ። ተዉአት፣ ሥርዓት ነው አልኳቸው።

አንተም ቴሌግራምህ ከደረሰኝ ሁለት ወር አለፈው፤ እስካሁን አልመለስኩልህም። የሷ ልጅ ተዝካር ሳይወጣ እኔ እንዳልቀድማት ብዬ ነው እንጂ ረስቼህ አይደለም። እነሆ በቀለም ጽፌልሃለሁ፣ በመነጽሬም ደግሜ አይቼዋለሁ።

ወጣህ።

አጎትህ ወልደ ሩፋኤል